ክብርት ወይዘሮ ኡምኩልሱም ምግብ ሲያዝዙ

ባልና ሚስት የሚጣሉት በገንዘብ ነው የሚላችሁ ሰው ካለ አትመኑት። በዘመድም አይጣሉም። እኔ እስከ ዛሬ ያየሁት ጠብ ሁሉ የተነሳው ትሪው ላይ ምን ይውጣ ከሚል ጥያቄ ነው። ቤት ውስጥ ይህ ጥያቄ የለም፤ የተሠራውን ትበላለህ፣ ካልጣመህ ዝም ትላለህ፣ አለቀ። ምግብ ቤት ገብታችሁ አንዲት ልጅ ሽርጧን አጥብቃ "ምን ልታዘዝ?" ስትላችሁ ግን ጉድ ይፈላል። ትሪው አንድ፣ እንጀራው አንድ፣ ሆዱ ግን ሁለት ነው። ከሁለቱ ሆዶች ባለቤቶች አንዱ ደግሞ ምንጊዜም መራጭ ነው። በአላህ ይዣችኋለሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤት ታውቃላችሁ? እናንተ ካልሆናችሁ አጠገባችሁ የተቀመጠው ነው።

የእኔዋ መራጭ ክብርት ወይዘሮ ኡምኩልሱም ይባላሉ። ባለቤቴ ናቸው። ቤት ውስጥ "ኡሚ" እላታለሁ፣ አንቺ እላታለሁ፣ ስታናድደኝ ደግሞ በሆዴ ሌላም ሌላም እላታለሁ። የምግብ ቤት በር ላይ ስንደርስ ግን አንቱ ይሆናሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እኔም ባል መሆኔ ይቀርና ባለጉዳይ እሆናለሁ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተብሎ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ባለጉዳይ።

ይህችን ሴት ነው እንግዲህ ጅዳ ያለችው የድሮ አሠሪዋ፣ ማዳሟ፣ ሰሞኑን ደውላ "ተመለሺልኝ፤ ቪዛሽ ወጥቷል፤ ትመጪ እንደሆነ እስከሚመጣው ጁምዓ ንገሪኝ" ያለቻት። ቅቅልና ጥብስ ለመለየት ግማሽ ቀን የሚፈጅባትን ሴት ባሏን ትታ ባሕር መሻገርና አለመሻገርን በሳምንት ወስኚ አለቻት። ማዳሟ ሰባት ዓመት አብራት ኖራ ጠባይዋን አለማወቋ ይገርመኛል። መልሱን ቁጭ ብዬ የምጠብቀው ደግሞ እኔ ነኝ፤ መጠበቅ የዚህ ትዳር ዋና ሥራዬ ነው።

ሹፌር ነኝ። ከወግዲና ከከላላ እህል ጭኜ መካነ ሰላም አራግፋለሁ፤ አንዳንዴም ደሴ እዘልቃለሁ። ሹፌር ምግብ የሚያዘው ሞተር ሳያጠፋ ነው። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ "አንድ ጥብስ፣ ቶሎ በሉ" እላለሁ፤ ወርጄ እጄን ታጥቤ ስመለስ ጥብሱ ቀድሞኝ ተቀምጧል። በልቼ፣ ሻዬን ፉት ብዬ መንገዴን እቀጥላለሁ። ይህን ያህል ዘመን መንገድ ላይ ስበላ ምን ልብላ ብዬ ተጨንቄ አላውቅም። ጥብስ ጥብስ ነው። ይህችን ነገር ወይዘሮ ኡምኩልሱም ፊት እንዳትናገሯት። እኔ አንድ ቀን አምልጣኝ ከወረኢሉ እስከ ደሴ ድረስ ስለ ደረቅ ጥብስ፣ ስለ ዝልዝል፣ ስለ ሸክላና ስለ ጎድን ልዩነት እየተነተኑልኝ ሄድን። ዳገቱ እንኳ አላስቆማቸውም።

ሥርዓቱን ላስረዳችሁ። መጀመሪያ ወንበር ይመረጣል። በሩ አጠገብ አቧራ አለ፤ ወጥ ቤቱ አጠገብ ጭስ አለ፤ መሃል ላይ ደግሞ ሰው አፍ አፋችንን ያየናል። ሦስተኛው ወንበር ላይ ስንደርስ እኔ ርቦኛል። ከዚያ አስተናጋጇ ትመጣለች። ወይዘሮ "ምን ምን አላችሁ?" ይላሉ። ልጅቱ ባንድ ትንፋሽ ትዘረግፈዋለች፦ ጥብስ፣ ቅቅል፣ ምንቸት፣ ዱለት፣ ሩዝ በሥጋ፣ ፓስታ፣ ሽሮ፣ እንቁላል። ወይዘሮ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ዜና እንደሚሰማ ሰው በጥሞና ያዳምጣሉ። ሲያልቅ፣ "እስቲ ድገሚልኝ፣ የኔ እህት" ይላሉ።

ተደግሞ ሲያልቅ ተራው የእኔ ነው። "አንተስ አዩቤ፣ ምን አማረህ?" ይሉኛል፤ ሲጠይቁኝ ለመስማት የጓጉ ነው የሚመስሉት። ጥብስ እላለሁ። "ጥብስማ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ትበላለህ።" እሺ፣ ቅቅል። "ቅቅል ለብርድ ነው፤ ዛሬ ፀሐይ ነው።" እሺ፣ ሩዝ። "ሩዝ ቤት እሠራልህ የለ? ሩዝ ለመብላት ነው ከቤት የወጣነው?" እሺ፣ አንቺ ያልሽው ይሁን። ይሄኔ ኩርፊያ ይመጣል። "አንተ እኮ ምንም ግድ የለህም። አብሮ የሚበላ ሰው እንዲህ ይላል?" ምርጫው ላይ መሳተፍ ግዴታዬ ነው፤ ድምፄ ግን አይቆጠርም።

ሕጋቸው ደግሞ የጠበቀ ነው። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አያዝም፤ ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት አዞ አንድ ትሪ ላይ ያወጣል። ሁለቱ ዓይነቶችም መስማማት አለባቸው። ጥብስና ዱለት አይሆኑም፣ ሁለቱም ደረቅ ናቸው። ቅቅልና አልጫ አይሆኑም፣ ሁለቱም መረቅ ናቸው። ቀይ ከአልጫ፣ ደረቅ ከርጥብ፣ የሚያቃጥል ከማያቃጥል ጋር ይጣመራል። ልጇን ለመዳር ዘር የምትቆጥር እናት እንኳ እንዲህ አትጠነቀቅም። አንድ ጊዜ ለምሳ ገብተን ከሰዓት በኋላ የዐስር አዛን ሲል ገና ሰላጣው ከጎን ይሁን ወይስ ከላይ በሚለው ላይ እየተወያየን ነበር። እኔማ እየተወያየሁ አልነበረም፤ የጠረጴዛውን ላስቲክ በጥፍሬ እየላጥኩ ነበር።

ወረኢሉ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የከብት ገበያ ቀን ነው፤ ምግብ ቤቱ በነጋዴ ተሞልቷል። ሥጋው በር ላይ ተሰቅሏል። ወይዘሮ ሥጋ ቆራጩ ፊት ቆመው ምርመራ ጀመሩ። መቼ ታረደ? ዛሬ ጠዋት። በሬ ነው ላም? በሬ። የደከመ የእርሻ በሬ ነው ወይስ የተቀለበ? ሰውየው ቢላዋውን እያፋጨ፣ "ወላሂ እህቴ፣ እኔ ቆራጭ እንጂ አሳዳሪው አይደለሁም" አላቸው። "እስቲ አዙረው።" አዞረው። "አሁን በዚህ በኩል።" አዞረው። በሬው በሕይወቱ ያን ያህል አልዞረም። በመጨረሻ ከወደ ሽንጡ አስቆረጡና ሥጋውን ተከትለው ወጥ ቤት ገቡ።

ጠበቅኋቸው። ቆየት ብዬ ስነሳና በወጥ ቤቱ በር አንገቴን ሳስገባ፣ ወይዘሮ የቤቱን ሽርጥ አሸርጠው ምድጃው ላይ ቆመዋል። ወጥ ሠሪዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቲማቲም ትከትፋለች። "ሽንኩርቱን ቀድማ ልታቃጥለው ነበር፤ ዝም ብዬ ላይ?" አሉኝ። በዚያ ቀን የሦስት ጠረጴዛ ሰው የበላው የሚስቴን ጥብስ ነው። ነጋዴዎቹ እጃቸውን እየላሱ ቤቱን ሲያመሰግኑ ሰማሁ። እኛ የራሳችንን ስንበላ ግን ቀዝቅዞ ነበር፤ ለሰው ስታወጣ የራሷ መጨረሻ ሆነ። "ደግሞ ለምን ቀዘቀዘ?" ብላ የቤቱን ሰዎች ልትጠራቸው ስትል እጇን ይዤ ለመንኳት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ከላላ ውስጥ ከሽሮ በቀር ምንም የማይሠራ ቤት አውቃለሁ። የሚመረጥ ነገር ከሌለ ምን ትመርጣለች? ወሰድኳት። ገባን፣ ተቀመጥን፣ ሴትየዋ መጥታ "ሽሮ ብቻ ነው ያለን" አለች። በደስታ ልስማት ምንም አልቀረኝም። ወይዘሮ ኡምኩልሱም ትንሽ አሰቡ። ከዚያ፣ "ፈሰስ ነው ተጋቢኖ?" አሉ። ሁለቱም አለ። "በቅቤ ነው በዘይት?" እንደፈለጉት። "የአተር ነው የሽምብራ?" የተደባለቀ። "ስንት እጅ አተር?" ሴትየዋ ሄዳ ባሏን ጠራች። ባሏ መጥቶ ስለ ሽሮው አፈጫጨት ማስረዳት ጀመረ። ቃሪያው ከነፍሬው ይግባ ወይስ ፍሬው ይውጣ፣ እንጀራው ነጭ ይሁን ወይስ ሠርገኛ፣ ይህ ሁሉ ገና ነበር። ፀሐይዋ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ተሻገረች። ከብዙ ነገር የሚመርጥ ሰው አይቻለሁ፤ ከአንድ ነገር ውስጥ ይህን ያህል ምርጫ የሚያወጣ ሰው ግን ከሚስቴ ሌላ አላየሁም።

የወግዲው ግን ይብሳል፤ ያሳፈረችኝ እዚያ ነው። ባገራችን የሚበላ ሰው ባጠገቡ ያለፈውን ሁሉ "እንብላ" ይላል። ያ ሰውም "ብሉ፣ አላህ ይባርክላችሁ" ብሎ ያልፋል። ጋባዡ ከልቡ አልጋበዘም፣ ተጋባዡም ከልቡ አልሰማም፤ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፣ አገርም ሰላም ነው። ሁላችንም በዚህ አድገናል። እሷም አድጋለች። ያን ቀን ረቡዕ ነው፤ አጠገባችን መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ የሚባሉ የአቋቋም መምህር ምስርና ጎመን ቀርቦላቸው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ከምናሌው ጋር ሲታገሉ ቆዩና ዓይናቸው የመሪጌታ ትሪ ላይ ዐረፈ። መሪጌታም እንደ ወጉ፣ "ኑ፣ እንብላ ልጆቼ" አሉ።

"እሺ አባ፣ ምስሩን ብቻ ልቅመሰው" ብላ ወንበሯን ሳበች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። መሪጌታ ግን ቅር አላላቸውም። ፈቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት፤ በእጃቸውም ጠቅልለው አጎረሷት። አላመጠችና፣ "ምስሩ ደግ ነው፤ ጎመኑስ አባ?" አለች። መሪጌታ ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ጎመኑ የዛሬ አይደለም። እኔም ስጠረጥረው ነበር።" በቃ። መራጭ ለመራጭ ተገናኘ። ስለ ጎመን፣ ስለ ሱፍ፣ ስለ ስልጆ፣ የትኛው ቤት ምስር በደንብ እንደሚከካ ሲጫወቱ እኔ የመኪና ቁልፌን ይዤ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ ሁለቱ ተማክረው ያዘዙት ምስር ብቻ ነበር። ሦስታችንም ካንድ ትሪ በላን፤ መሪጌታ መረቁ፣ እሷ "አሚን" አለች። እኔ ምን ልበል፤ እኔም አሚን አልኩ፤ ያዘዝኩት ጥብስ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ይህ ጠባይ ከየት መጣ ትሉ ይሆናል። እኔም አንድ ቀን ተናድጄ ጠየቅኋት። መኪና ውስጥ ነን፤ እሷ መንገዱን እያየች ነው የነገረችኝ። ጅዳ ሳለች ማዳሟ በየማለዳው ከአልጋዋ ሆና ቤተሰቡ የሚበላውን ታዛታለች፤ ለምሳ ሁለት ዓይነት፣ ለእራት ሦስት ዓይነት። ልጆቹ ደግሞ እየመጡ "ይህን አልፈልግም፣ ያንን ሥሪልኝ" ይሏታል። ትሠራለች። ታቀርባለች። በልተው ሲነሱ ከሳህኖቹ የተረፈውን እሷ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ትበላዋለች። "በሰባት ዓመት ውስጥ 'አንቺስ ምን አማረሽ?' ያለኝ ሰው የለም" አለችኝ። "መጀመሪያ መጀመሪያ የሚያምረኝ ነገር ነበር። በኋላ ያለውን መብላት ሆነ። ምን እንደምወድም ጠፋብኝ።"

አዘንኩላት፤ አልዋሽም። ግን ያዘነ ሰውም ይርበዋል። በማግስቱ ደሴ ላይ በዱለትና በምንቸት መካከል ስትዋልል እንደገና ጥርሴን አፋጨሁ። ማዘንና መናደድ አብረው አይኖሩም ያላችሁ ሰው አላገባም።

እንግዲህ የማዳሟ ስልክ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከተመለሰች፣ ከተጋባንም ሁለት ዓመት ሆኖናል። በላቧ ያሠራችው ቤት ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው የለም፤ እኛ ኪራይ ቤት ነው ያለነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ ግድግዳውን ይጋግጠዋል፤ እሷ ደግሞ በዚያ ባለፈች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። የምነዳት መኪና የሰው ናት፤ የዕለት ጉርስ እንጂ ጣሪያ አታመጣም። አንድ ማታ "አንተ ምን ትላለህ?" አለችኝ። "አንቺ ታውቂያለሽ" አልኳት። ሌላ ምን ልበል? ሂጂ እንዳልላት አንጀቴ እምቢ አለ። ቅሪ እንዳልላት ደግሞ ግድግዳው የእሷ ሰባት ዓመት ነው፤ ነገ ሲፈርስ በምን ዓይኔ አያታለሁ? ሳምንቱን ሙሉ ዳገት ስወጣም ቁልቁለት ስወርድም የማስበው ይህንኑ ነበር። ከቤት ስገባ ደግሞ ሁለታችንም ስለ ሌላ ነገር እናወራለን።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ለጁምዓው አንድ ቀን ሲቀረው፣ "ዛሬ ውጪ እንብላ" አለችኝ። እቴቴ ምግብ ቤት ሄድን። እቴቴ ወጥ በመሥራት መካነ ሰላም ውስጥ የማያውቃቸው የለም፤ የሚስቴንም ጠባይ ከእኔ ባልተናነሰ ያውቃሉ። ስትመጣ ሲያዩዋት ድስቶቻቸውን አስተካክለው፣ ክዳኖቹን ወልውለው ነው የሚጠብቋት። አስተናጋጃቸው አልታዬ ደግሞ ወደ እኛ ጠረጴዛ ከመምጣቷ በፊት ቆም ብላ በረጅሙ ትተነፍሳለች።

ወይዘሮ ኡምኩልሱም ያገኙት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። በሩ አጠገብ፣ አቧራው ላይ። እኔ አሁንም አልነቃሁም፤ ደክሟት ነው ብያለሁ። አልታዬ መጥታ "ጥብስ አለ፣ ቅቅል አለ" ብላ ስትጀምር ኡምኩልሱም እጇን አነሳች።

"ያለውን አምጪልን፣ የኔ እህት።"

"የቱን?" አለች አልታዬ።

"የደረሰውን። ማንኛውም ይሁን።"

ይህችን ቃል ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። ዱዓ ያደረግሁበት ቀንም አለ። ስሰማት ግን ደነገጥኩ። ያለውን የምትበላዋ ኡምኩልሱም የት እንዳለች ነግራኛለች፤ ጅዳ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ነው ያለችው። ሚስቴ ከፊቴ ተቀምጣ ሄዳለች። የቀረው አውሮፕላኑ ብቻ ነው።

እቴቴ ሰምተው ኖሮ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ። "ምነው ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?"

"ደህና ነኝ እቴቴ።"

"ታዲያ ወጥ ቤቴን ሳታዪልኝ? አጃኢብ ነው።" ቅር ብሏቸዋል። እኔን ዞር ብለው "ምን አደረግካት?" በሚል ዓይን አዩኝ። አልታዬ የደረሰውን ለማምጣት መሄድ ጀመረች።

"አልታዬ፣ ቆይ" አልኳት። ምን እንደነካኝ አላውቅም። "ምን ምን ነበር ያላችሁት?"

ተመልሳ ዘረዘረችው። "እስቲ ድገሚው" አልኳት። ኡምኩልሱም ቀና አለች። አልታዬ ደገመችው። "ጥብሱ ከየት ነው የሚቆረጠው?" አልኩ። "እኔ እንጃ፣ ከሥጋው ነው" አለች። "ከሥጋው መሆኑን ማን አጣው" ብዬ ተነሳሁና ወጥ ቤት ገባሁ። ስለ ጎማ ብትጠይቁኝ በጫማዬ ረግጬ ዕድሜውን እነግራችኋለሁ። ስለ ሥጋ የማውቀው ነገር የለም። ቢሆንም አገላበጥኩት። የድስቱን ክዳን ሳነሳ ጣቴ ተቃጠለ። ቅቅሉ መቼ እንደተጣደ ጠየቅሁ፤ መረቁን ቀመስኩ፤ አጥንቱን በጭልፋ ነካካሁ። እቴቴ በሩ ላይ ቆመው፣ "አዩብ፣ አንተም ጀመረህ?" አሉ።

"እቴቴ፣ ዛሬ ብቻ ይታገሱኝ" አልኳቸው። ፊቴን አይተው መሰለኝ ከበሩ ፈቀቅ አሉልኝ።

ተመልሼ ተቀመጥኩና፣ "ጥብሱ ስብ የለውም፣ ይደርቃል" አልኳት። "ምንቸቱ ጥሩ ነው። ቅቅሉ ገና ነው፤ አጥንቱን አልለቀቀም። ግን ምንቸቱ ቀይ ነው፣ ቅቅሉ መረቅ ነው፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ መሰለኝ። አንቺ ምን ትያለሽ?"

"ምን እያደረግክ ነው?"

"እየመረጥኩ ነው።"

"አንተ?"

"ኡሚ፣ አትሂጂ" አልኳት።

"ቤቱስ?"

"ቤቱ እንዳለ ይቆይ። ግድግዳው ከፈረሰም ይፍረስ፤ አብረን ቆመን እናየዋለን። አንቺ ሰው ቤት ቆመሽ የሰው ትራፊ እንድትበዪ አልፈልግም። እዚህ አጠገቤ ተቀመጪና አናደጂኝ።"

ዓይኗ ሞላ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። "ይህን ለማለት ሳምንት ሙሉ ፈጀብህ?" አለች።

"አዎ።"

"እኔን ደግሞ ትዘገያለሽ ትለኛለህ።"

ስልኳን አወጣች። ነገን አልጠበቀችም፤ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆና ማዳሟን በኢሞ ደወለችላት። እኔ ከአረብኛ ሶላት ላይ ከምላት ሌላ ብዙ አላውቅም። ስለ ልጆቹ እንደጠየቀች፣ ስለ ማዳሟ እናት ጤና እንደጠየቀች ከድምፅዋ ገባኝ። ከዚያ "ላ" ስትል ሰማኋት። እምቢ ማለት መሆኑን አውቃለሁ። ማዳሟ ብዙ ተናገረች፤ ድምፅዋ ከስልኩ ወጥቶ ጎረቤት ጠረጴዛ ደረሰ። ኡምኩልሱም ታግሣ አዳመጠችና እንደገና "ላ" አለቻት፤ በዚህኛው ጊዜ ትንሽ ጠንከር አድርጋ ነው። ስልኩን ዘጋች። ሻይ እስኪቀርብ ያህል እንኳ አልፈጀባትም።

እኔ የውሃውን ብርጭቆ ወደ እሷ ገፋሁላት።

አልታዬ የመረጥኩትን ሰምታ ኖሮ ትሪውን ይዛ መጣች። ምንቸቱ ባንድ በኩል፣ ቅቅሉ በሌላው በኩል፣ ሙቅ እንጀራ። ሽታው ራሴን አዞረኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም ነበር። ቆርሼ ላጠቅስ ስል ክብርት ወይዘሮ ኡምኩልሱም እጄን ያዙ። ከቅቅሉ አንዲት ቁራጭ አነሱ፣ ቀመሱ፣ አጥንቱን ወደ ብርሃን አድርገው አዩት።

"ገና ነው። አጥንቱን አልለቀቀም ብለህ አልነበር? ጨውም አንሶታል። መልሺው፣ የኔ እህት፣ እቴቴን ትንሽ ያብስሉት በያቸው።"

ከወጥ ቤቱ ውስጥ የእቴቴ ድምፅ ተሰማ፦ "አልሐምዱሊላህ፤ ድናለች።"

አልታዬ ትሪውን አነሳችው። እንፋሎቱ አፍንጫዬ ሥር አለፈ። አንጀቴ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ስንት ሰዓት እንደምንጠብቅ አላህ ነው የሚያውቀው። ትሪው ተመልሶ ሄደ። እሷ ግን አልሄደችም።